ልጄ፣ ስለ ጭሱ ለጠየቅሽኝ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? «እማዬ፣ ረጲ ካለው የቆሻሻ ማቃጠያ አጠገብ መኖራችን ጽንሱን ይጎዳዋል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ ተድበስብሶ የሚታለፍ ነገር ስላልሆነ ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

መስጋትሽ ትክክል ነው። ማንም «እርጉዝ ስለሆንሽ ነው የምትጨነቂው» ቢልሽ አትስሚው። እንግዴ ልጅ ሁሉንም ነገር አያግድም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቤልጂየም ተመራማሪዎች የወለዱ እናቶችን እንግዴ ልጅ መርምረው፣ በጽንሱ በኩል ባለው ገጽ ላይ ሳይቀር ጥቁር የካርቦን ብናኝ አግኝተዋል። እናቶቹ ከአየሩ የሳቡት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ማቃጠያ ልምጣ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ያመነጫል ተብሎ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እዚያው አጠገብ ያለው የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ «ማቃጠያው ይዘጋ፣ ቆሻሻው እንደ ድሮው ይከመር» የሚል ሰው ሐሳቡ አይዋጥልኝም።

ከውጭ አገር የሚታወቀው ይሄ ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ 22 ማቃጠያዎች አካባቢ የተወለዱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕፃናት መረጃ ታይቷል። ከጭሱ ጋር የተያያዘ የክብደት ማነስም ሆነ የጨቅላ ሞት አልተገኘም። በሌላ ጥናት ግን ለማቃጠያዎቹ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች አንዳንድ የልብና የብልት አፈጣጠር ችግሮች በትንሹ ከፍ ብለው ታይተዋል። ተመራማሪዎቹም ምክንያቱ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ተናግረዋል። በጣሊያን ኤሚሊያ ሮማኛ ደግሞ ለጭሱ ይበልጥ በተጋለጡ እናቶች ዘንድ ያለ ጊዜው መወለድ በዝቶ ተገኝቷል።

እነዚያ አገሮች ጭሱ ቢያንስ ለ2 ሴኮንድ በ850 ዲግሪ እንዲቃጠል በሕግ ያስገድዳሉ። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውም ይለካል። እዚህም እንደዚያው ተለክቶ፣ ቁጥሩ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እናቶች ሊያነቡት ይገባል። ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በሰፈር ስብሰባ ላይ አንቺም ጠይቂ፣ ባለቤትሽም ይጠይቅ።

እኔን ግን ከትልቁ ጭስ ማውጫ ይልቅ የሚያስፈራኝ በአፍንጫሽ ቁመት የሚሄደው ጭስ ነው። በየጤና ጣቢያው ጓሮ ያሉትን ትንንሽ የጡብ ማቃጠያዎች ታውቂያቸዋለሽ። ስንት ዓመት በአዋላጅነት ስሠራ ከማዋለጃ ክፍሉ መስኮት አይቻቸዋለሁ። መርፌ የሞላው ሴፍቲ ቦክስ፣ ጓንቱ፣ የጉሉኮሱ ላስቲክ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይገባል። እሳቱ በደንብ ሳይግል ይሞላና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጭስ ማውጫው አጭር ስለሆነ ጭሱ ተራ የሚጠብቁ እርጉዞች ላይ ይወርዳል። ክሎሪን ያለበት ላስቲክ እንዲህ በደካማ እሳት ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል። ለዳይኦክሲን ከሁሉም ይልቅ ስስ የሆነው ጽንስ ነው። ክትትል የምታደርጊበት ጣቢያ በየትኛው ቀን እንደሚያቃጥሉ ጠይቂና ቀጠሮሽን በሌላ ቀን አስደርጊ። ሳታፍሪ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

ጎረቤት ማታ ማታ የሚያቃጥለው ፌስታልም ያው ነው። ከሰል ለማያያዝ ፌስታል መለኮስን ደግሞ ከቤትሽ አጥፊልኝ። ከሰሉም ቢሆን በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ጢሱ ይውጣለት። ግን ፍም ሆነ ብለሽ ዘግተሽ እንዳትቀመጪ። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ በደምሽ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ጽንሱ የሚተነፍሰው ካንቺው ደም ነው። ቡና የምትጠጪም ከሆነ ሌላ ሰው ያፍላልሽ፣ አንቺ በር አጠገብ ተቀመጪ።

እንቁላል ላይም አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ዳይኦክሲን የሚያገኘው ከ90 በመቶ በላይ በምግብ ነው፤ በተለይ በሥጋ፣ በወተት ተዋጽኦና በዓሣ። አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ በግማሽ ለመቀነስ ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጅበታል። በጋና አግቦግብሎሺ በሚባለው የቆሻሻ ሰፈር፣ መሬት ጭረው ከሚበሉ ዶሮዎች እንቁላል ውስጥ እጅግ ብዙ ዳይኦክሲን ተገኝቷል። የሐበሻ እንቁላል እንደምትወጂ አውቃለሁ። ከቆሼ ዙሪያና አመድ ከሚደፋበት ቦታ የመጣውን ግን ተዪው፣ ከሌላ ሰፈር አስገዢ። ጎመንና ሰላጣም በደንብ ይታጠብ።

«ጡትሽም ተመርዟል» የሚልሽ አይጠፋም። በፍጹም እንዳትሰሚ። በጭስ አካባቢ ለሚኖር ሕፃንም ቢሆን ከእናት ጡት የሚሻል የለም። ስድስት ወር ጡት ብቻ ስጪው።

ክትትልሽን አታቋርጪ። ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት አለብሽ። የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒኑን ማቅለሽለሽ ቢኖርም ከምግብ ጋር ዋጪው። ደም ከታየሽ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽ ካበጠ ወይም ልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ለእኔ ከመደወልሽ በፊት ሆስፒታል ሂጂ።

ቤት ቀይሩ አልልሽም፣ የኪራዩን ነገር አውቃለሁ። አቅሙ ከተገኘ ግን እስክትወልጂ እኔ ጋ ብትሆኚ ደስ ይለኛል። ከባለቤትሽ ጋር ተማከሩ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የአጥሚቱን እህል አስፈጭቻለሁ፣ ምንም እንዳትገዢ። የክትትል ካርድሽን አውጥተሽ ጠብቂኝ፤ የደም ግፊትሽንና የሄሞግሎቢንሽን ቁጥር ማየት እፈልጋለሁ።

ማርያም ትቅረብሽ፣ ዓለሜ።

እናትሽ