የሹራብ አሠራር ስታወጡ ልኩንም አውጡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የብርድ ወራት ሲቃረብ የእጅ ሥራ ገጻችሁ የሹራብ አሠራር ይዞ መውጣቱ ያስመሰግናችኋል። ክር ቤቶችም በዚያው ሰሞን አዲስ ክር ይደረድራሉ፤ የጀማሪዎች ትምህርት ይከፍታሉ። ነገር ግን በጋዜጣ የሚወጣውም ሆነ በትምህርቱ ላይ የሚታደለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «6 ጥቅል የሱፍ ክር፣ 8 ቁጥር መርፌ» ይልና በቀጥታ «110 ዐይን ጀምሪ» ወደሚለው ይሻገራል፤ ዐይን የሚባለው መርፌው ላይ የሚያዘው እያንዳንዱ የክር ቀለበት ነው። በዚህ መረጃ ብቻ በልክ የሆነ ሹራብ አይወጣም። ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሹራቡን ጨርሶ ሲለብሰው ወይ ከረጢት ሆኖበት ወይ ደረቱ ላይ ተወጥሮበት «እጄ አይሆንም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የወረቀቱ ነው።

ከመርፌው ልጀምር። 8 ቁጥር የሚባል መርፌ ሦስት ዓይነት ነው። በቀድሞው የእንግሊዝ አቆጣጠር 8 ቁጥር 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በአሜሪካ አቆጣጠር 5 ሚሊ ሜትር ነው። በሚሊ ሜትር የተጻፈ 8 ከሆነ ደግሞ ከእንግሊዙ እጥፍ ይወፍራል። የባሰው ነገር፣ የእንግሊዙ ቁጥር ከፍ ሲል መርፌው እየቀጠነ ይሄዳል፣ የአሜሪካው ግን ከፍ ሲል ይወፍራል። ስለዚህ ከየትም የተገኘ አሠራር ሲታተም ቁጥሩ ወደ ሚሊ ሜትር ተመልሶ ይጻፍ። ከዚህ ሌላ የሚያግባባ መለኪያ የለም።

«6 ጥቅል» የሚለውም ያው ነው። 50 ግራም የሚመዝን ቀጭን የካልሲ ክር 200 ሜትር ገደማ ይኖረዋል፤ መካከለኛው 120 ገደማ፤ ወፈር ያለው ከ80 እስከ 90። ሹራብ የሚበላው ሜትር እንጂ ግራም አይደለም። በተለይ ከሱፍ ወደ ጥጥ ሲዞሩ ይህ ያስቸግራል፤ ጥጥ ከባድ ስለሆነ በተመሳሳይ ውፍረት በግራም የሚወጣው ሜትር ያንሳል። አሠራሩ እያንዳንዱ 120 ሜትር የሆነ 12 ጥቅል ሱፍ ቢጠይቅ የሚያስፈልገው 1440 ሜትር ነው። ጥቅሉ 85 ሜትር በሆነ ጥጥ ለመሥራት የፈለገ ሰው 1440ን ለ85 አካፍሎ 17 ጥቅል መግዛት አለበት። 12 ገዝቶ የጀመረ ሰው ሁለተኛው እጅጌ ላይ ይቆምበታል። ያን ጊዜ ተመልሶ ቢገዛም ችግሩ አያልቅም፤ ክር በተነከረበት ዙር ቀለሙ በጥቂቱ ይለያያል። የጥቅሉ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ስም ወይም ቁጥር ሌላ የነከራው ዙር ቁጥር፣ ሎት የሚባለው፣ ተጽፏል። ሁሉም ጥቅል አንድ ዓይነት ሎት መሆኑ ሱቁ ውስጥ ይታይ፤ ከስሌቱ በላይም አንድ ትርፍ ጥቅል ይያዝ። ግድ ሆኖ ሁለት ሎት ከተቀላቀለ፣ ከአንዱ ሁለት ረድፍ ከሌላው ሁለት ረድፍ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ይደብቀዋል። አንዱን ጨርሶ ሌላውን መቀጠል ግን ደረት ላይ እንደ መቀነት የሚታይ መስመር ይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ናሙና፣ ማለትም ከሹራቡ በፊት ተሠርታ የምትለካው የሙከራ ቁራጭ። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዐይን፣ ስንት ረድፍ እንደሚገባ ያልተነገረበት አሠራር አሠራር አይባልም። ስሌቱ ቀላል ነው። አሠራሩ በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን ብሎ፣ ዙሪያው 100 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሹራብ 220 ዐይን ያስጀምራል። እጁ ላላ ያለ ሠራተኛ በዚያው ክርና በዚያው መርፌ 20 ዐይን ቢወጣለት ሹራቡ 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጁ ጠበቅ ያለ 24 ቢወጣለት 92 ገደማ ይሆናል። የሁለት ሁለት ዐይን ልዩነት በአንዱ ሹራብና በሌላው መካከል 18 ሳንቲ ሜትር አመጣ ማለት ነው።

ናሙናው በቁጠባ መሠራት የለበትም። 10 ዐይን ጀምሮ ሦስት ጣት የምታህል ቁራጭ መለካት ምንም አይነግርም፤ የዳር ዐይኖች ሁልጊዜ የተዛቡ ናቸውና። 40 ዐይን ይጀመር፤ እንዳይጠቀለል በግራና በቀኝ አራት አራት ዐይን በሁለቱም ፊት ቀጥታ (በመሠረታዊው ዐይን) ይሠራ፤ ቁመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይዘጋ። ከዚያ ሹራቡ ወደፊት እንደሚታጠበው ይታጠብ። ሱፍ ከሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፣ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይመጠጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ። የሚለካው ከደረቀ በኋላ መሐሉ ላይ ነው፤ ማስመሪያው አግድም 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር። ግማሽ ዐይንም ይቆጠር። በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ የተናቀ ግማሽ ዐይን በ100 ላይ አምስት ዐይን ነው።

ሳይታጠብ የተለካ ናሙና ያሳስታል። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ የተዘጋጀ ሱፍ ሲታጠብ ላላ ብሎ ይሰፋል፤ ደረቁ ላይ ልክ የነበረው ሹራብ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጉልበት ድረስ የሚወርደው ለዚህ ነው። ጥጥና አልፓካ (አልፓካ ከሚባል እንስሳ ጸጉር የሚፈተል ክር) ደግሞ በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ይጎተታሉ። ለእነዚህ ናሙናውን ታች ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት የልብስ መቆንጠጫ አድርጎ ማታውን ሰቅሎ ማሳደር፣ ጠዋት መለካት ነው። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። በባለ ገመድ መርፌ፣ ማለትም ሁለት ጫፎቹ በገመድ በተያያዙ መርፌ፣ ዙሪያውን ለሚሠራ ሥራ ወዲያ ወዲህ እየተመለሱ የተሠራ ናሙና አይበቃም፤ የብዙ ሰው እጅ ግልብጥ (የቀጥታውን ተቃራኒ ዐይን) ሲሠራ ይላላልና። ናሙናውን በአጭር ባለ ገመድ መርፌ፣ ሁሉንም ረድፍ ከፊት በኩል ብቻ መሥራት ይቻላል። ረድፉ ሲያልቅ ሥራው ወደ ሌላው ጫፍ ይገፋል፣ ክሩም ከኋላ በልቅ ተስቦ እንደገና ከመጀመሪያው ይቀጠላል።

ቁጥሩ ከአሠራሩ ከበለጠ መርፌውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ማወፈር፣ ካነሰ ማቅጠን ነው። «ላላ አድርጌ እሠራለሁ» የሚለው መፍትሔ አይሠራም፤ እጅ ሐሳብ ሲወስደው ወደ ልማዱ ይመለሳል፣ ግማሹ ላላ ግማሹ ጠበቅ ያለ ሹራብ ይወጣል።

የትምህርቱን ነገርም ላንሳ። ትምህርት የሚከፍቱ ክር ቤቶች ሁለት ልማድ ቢለውጡ ተማሪው ይጠቀማል። አንደኛው ጊዜው ነው። መካከለኛ ክር ያለው የአዋቂ ሹራብ ከ50 ሺህ ዐይን በላይ አለው። ጀማሪ በደቂቃ 20 ዐይን ቢሠራ 42 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በቀን አንድ ሰዓት ቢቀመጥ፣ ምንም ሳይተረትር፣ ስድስት ሳምንት ነው። ብርዱ ከገባ በኋላ የሚጀመር የሹራብ ትምህርት ተማሪውን ብርዱ ሲወጣ ያስጨርሰዋል። ሹራቡ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ፣ ገና በሙቀቱ ይጀመር። በሙቀት ትልቅ ሱፍ ጭን ላይ ማስቀመጥ ስለሚከብድ እጅጌውን ማስቀደም ይሻላል። እጅጌው ትንሽ ነው፣ ተሸክመውት ይሄዳሉ፣ በዚያ ላይ ትልቅ ናሙና ሆኖ ያገለግላል። በብርዱ ወቅት ለሚመጣው ጀማሪ ባርኔጣ፣ የአንገት ማሞቂያ፣ የእጅ አንጓ መሸፈኛ ይበቃዋል።

ሁለተኛው የመጀመሪያው ሥራ ሁልጊዜ ሻርፕ መሆኑ ነው። ቀላል ስለሆነ ይመረጣል፣ ግን በሁለት ሜትር ርዝመት አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል፤ ጀማሪው እጁ እየተፍታታ ሲሄድ ስፋቱ ይለዋወጣል፣ አብዛኛውም መሐል ላይ ይቀራል። ባርኔጣ መጀመር፣ መቁጠር፣ መቀነስና መዝጋትን በአንድ ሥራ ያስተምራል። ሙሉ አሠራሩን እዚሁ አስቀምጣለሁ። የጭንቅላት ዙሪያ 56 ሳንቲ ሜትር፣ ናሙና በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ዐይን በ28 ረድፍ፣ ክር ጥቅሉ 50 ግራም 120 ሜትር የሆነ ሱፍ። አንዱ ጥቅል ላይበቃ ስለሚችል ሁለት ይያዝ። ባርኔጣ ከጭንቅላቱ ጠበብ ማለት ስላለበት 112 ዐይን ይጀመራል፤ ይህም 51 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዙሩ ተገጥሞ በ3.5 ሚሊ ሜትር ባለ ገመድ መርፌ ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልብጥ እየተባለ 5 ሳንቲ ሜትር ይሠራ፤ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ተቀይሮ ቁመቱ ከታች ጀምሮ 15 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ሁሉም ቀጥታ። ከዚያ 12 ዐይን ቀጥታ፣ ሁለቱን አንድ ላይ፤ ይህ በዙሩ ስምንት ጊዜ ይደገማል። ቀጣዩ ዙር ሳይቀነስ፣ ከዚያ 11 ቀጥታና ሁለቱን አንድ ላይ፣ እንደገና ሳይቀነስ አንድ ዙር፤ እንዲሁ እየተባለ በየመቀነሻው ዙር ቀጥታው በአንድ እያነሰ ይሄዳል። 56 ዐይን ሲቀር ይህ እረፍት ዙር ይቀርና በየዙሩ መቀነስ ይቀጥላል፣ 8 ዐይን እስኪቀር። ክሩ ተቆርጦ በመስፊያ መርፌ በስምንቱ ውስጥ ይታለፍና ጥብቅ ተደርጎ ይሳብ። ቁመቱ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዐይኑ ሲያንስ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነው ባለ ገመድ መርፌ ስለሚረዝም በሁለቱም ጫፍ ሹል ወደሆኑት አጫጭር መርፌዎች መዛወር ያስፈልጋል።

የሚበላሸውም ቦታ የታወቀ ነው። ዙሩ ሲገጠም መነሻው መርፌው ላይ ተጠማዝዞ ከነበረ ባርኔጣው ሙሉ ሕይወቱን ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ከመተርተር ሌላ መድኃኒት የለውም። የመነሻው ጠርዝ ሁሉም ወደ ታች ማየቱ ከመጀመሪያው ዐይን በፊት ይረጋገጥ። መነሻው ከጠበቀ ደግሞ ጭንቅላት አያስገባም፤ አንድ ቁጥር በወፈረ መርፌ መጀመር ያድናል። ወዲያ ወዲህ እየተመለሱ በሚሠሩበት ጊዜ ዐይኑ ሳይታወቅ ከ30 ወደ 36 ከተነሣ፣ ብዙውን ጊዜ ረድፍ ሲጀመር ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ተጥሎ የመጀመሪያው ዐይን ሁለት እግሩን እያሳየ እንደ ሁለት ዐይን ስለሚሠራ ነው። ክሩ ከመርፌው ሥር ይዋል። ያመለጠ ዐይን አያስደነግጥ፤ በኪሮሽ መርፌ ከታች ጀምሮ አንድ አንዱን የክር መሰላል እያነሡ ወደ ላይ መመለስ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት ግን ተማሪው የሹራቡን ዐይን በግልጽ ማየት አለበት። ስለዚህ የጀማሪ ክር ፈካ ያለ ቀለም ያለው፣ ጸጉር ያልበዛበት፣ የሱፍ ክር ይሁን። ጥቁር ክርና ጸጉራሙ ሞሄር ለጀማሪ አይሰጥም፤ ሞሄር ተተርትሮ እንኳ ያስቸግራል። መርፌውም የእንጨት ወይም የቀርከሃ ቢሆን ዐይኑ ከብረቱ ያነሰ ይንሸራተታል።

ሰው ሠራሹ አክሪሊክ ለሚታጠብ የልጅ ልብስ ጥሩ ነው፣ ግን የጋለ ካውያ አይነካው፤ አንድ ጊዜ በሙቀቱ ከሟሸሸ ላስቲክነቱ አይመለስም። ለማሽን እጥበት ያልተዘጋጀ ሱፍ ደግሞ ሙቅ ውሃና መፈተግ ሲገናኙበት ይኮማተራል፣ ያም አይመለስም።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከእያንዳንዱ አሠራር በላይ አራት መስመር ይታተም። ያለቀው ሹራብ የደረት ዙሪያ በሳንቲ ሜትር፤ የሚያስፈልገው ክር ጠቅላላ በሜትር፤ መርፌው በሚሊ ሜትር፤ ከታጠበ በኋላ በ10 ሳንቲ ሜትር የሚገባው ዐይንና ረድፍ። ከመታተሙ በፊትም ቁጥሩን ለመፈተሽ የሹራብ አስተማሪና ጸሐፊ የነበሩት ኤሊዛቤት ዚመርማን (1910–1999) ያስፋፉት ስሌት ይጠቅማችኋል፤ የደረቱ ዐይን መቶ ከተባለ የእጅጌ አፍ 20 በመቶ፣ የእጅጌው ላይኛ ክፍል ከ33 እስከ 35 በመቶ፣ አንገቱ 40 በመቶ ይሆናል። ደረቱ 220 ሆኖ የእጅጌው አፍ 84 ተብሎ ከመጣላችሁ 44 ለማለት የተሳተ የፊደል ለቀማ ሊሆን ስለሚችል ከማተማችሁ በፊት ጠይቁ።

ልኩ ያልተጻፈበትን አሠራር አሁን በእጃቸው የያዙ አንባቢዎች ሥራቸውን መጣል የለባቸውም። 10 ሳንቲ ሜትር ከሠሩ በኋላ ዐይኖቹን ረዘም ወዳለ ክር ያዛውሩ፣ ቁራጩን አጥበው ያድርቁ፣ የራሳቸውን ዐይን ይቁጠሩ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር የወጣውን ቁጥር በሚፈልጉት ዙሪያ አባዝተው ለ10 ያካፍሉ። ከጀመሩበት ቁጥር ጋር ከተራራቀ አሁኑኑ ይተርትሩት፤ ያው ክር በአዲሱ ቁጥር እንደገና ይሠራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሹራብ ሥራ አስተማሪ