አንተን ትሰማለች

ወንድሜ፣

የጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ሰበብ ብደረድርም አታምነኝም። ይቅርታ። በቃ፣ ይህችን አለፍናት። ስድቡን ስንገናኝ ታወርድብኛለህ፤ አሁን ለጉዳይ ፈልጌህ ነው። አዎ፣ ሲቸግረኝ ብቻ ነው ትዝ የምትለኝ፤ እንዳትጀምረኝ።

ነገሩ የእማዬ ነው። አትደንግጥ፣ ደህና ናት። ማለቴ... ደህና ነኝ ትላለች። ታውቃት የለ።

ጉልበቷና ወገቧ ነው። ስንጠይቃት "እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ" ትላለች። ተቀምጣ ላያት ምንም የላትም። ስትነሳ ግን ወንበሩን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ትይዛለች፣ ትንፋሿን ትውጣለች፣ ከቆመችም በኋላ ፊቷ ቶሎ አይፈታም። እያየኋት እንደሆነ ስታውቅ ፈገግ ትላለች። ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ነጭናጫም ሆናለች። እሷ!

እንደ ምንም ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ከ3 ወር በላይ የቆየ ህመም በእድሜ ተሳቦ የሚተው ነገር አይደለም አላት። "የሚወስዱት ማስታገሻ አለ?" ሲላት፣ ዓይኗን ሳታሽ "የለም!" ቤት ስንመለስ ከትራሷ ሥር ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አገኘሁ። ሁለቱንም! ያውም ከደም ግፊት ኪኒኗ ጋር። በእሷ እድሜ እነዚህ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ግፊቱንም ከፍ ያደርጉታል። አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ ደግሞ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይጨምርም። ደውዬ ለሐኪሙ ነገርኩት፤ ሁለቱንም አስቁሞ ፓራሲታሞል በሰዓቱ እንድትወስድ አዘዘላት፣ እስኪብስባት ሳትጠብቅ። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አያልፍም፤ እሷ ቀጭን ስለሆነች ከዚያም ዝቅ አደረገላት። ለጉልበቷ የሚቀባ ጄልም አላት።

ይሄን ሁሉ እሺ ብላለች። ፊዚዮቴራፒው፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ሕክምናው ላይ ነው የተጣላነው። "ያመመኝን እግር አንቀሳቅሺ ትለኛለህ?" ብላ አኮረፈችኝ። እግሯ ሥራ ሲፈታ የጭኗ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ጉልበቷ ላይ ያርፋል ብዬ ባስረዳ ማን ሰምቶኝ።

እንግዲህ... እንዴት ልበልህ፣ ደውልላት። አንተን ትሰማለች። ለእኔ የምትደብቀውን ለአንተ እንደምትነግርህ አውቃለሁ፤ ትንሽ ቅናትም ሳይኖርብኝ አይቀርም። እኔን ላለማሳሰብ ነው የምትደብቀው፣ ይገባኛል፣ ግን ያናድደኛል። "ያምዎታል?" ብለህ ብቻ እንዳትጠይቃት፤ "ኧረ ደህና ነኝ" ብላ ትሸኝሃለች። ይቆረጥምዎታል? ሌሊት ይጠዘጥዝዎታል? ምን መሥራት አቃተዎት? በላት። ያኔ ታወራለች። ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ እንቅስቃሴው አምጣት፤ አምስት ደቂቃም ብትሆን ትጀምረው።

ሐሙስ ከሰዓት ብቻዋን ናት። እኔ እንደላክሁህ እንዳትነግራት። እንዳትስቅም፤ ስትዋሽ ሳቅህ ያሳብቅብሃል፣ እሷም ታውቀዋለች።

ያው እኔው