የቅሬታ ደብዳቤ፦ ክንዱ አገጯ ሥር ምን ይሠራ ነበር?

ለቤተሰብ ድጋፍ አገልግሎቱ የቅሬታ ክፍል
ሜልቦርን

ጉዳዩ፦ ተጠቂዋን አጥቂ ብላችሁ ስለመመዝገባችሁ እና ስለ ሠራተኞቻችሁ ሥልጠና

ጤና ይስጥልኝ።

መጠበቂያ ክፍላችሁ ግድግዳ ላይ «ቅሬታዎን በራስዎ ቋንቋ ማቅረብ ይችላሉ» የሚል ወረቀት ለጥፋችኋል። አማርኛም አለበት። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ነገሩ የተበላሸው አማርኛው ላይ ስለሆነ ነው። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ ትርጉሙን ለዚያው አስተርጓሚ እንዳትሰጡት።

የምጽፈው ስለ ታናሽ እህቴ ነው። ፈቅዳልኛለች፤ የፈረመችበትን ወረቀት አያይዣለሁ።

የዚያን ሌሊት የሆነው ረጅም አይደለም። ባሏ ከኋላዋ መጥቶ በክንዱ አነቃት። ትንፋሽ ሲያጥራት ክንዱን ነከሰችው። ያኔ ለቀቃት። ወደ አደጋ ጥሪው 000 ቀድሞ የደወለው ግን እሱ ነው። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ በተረጋጋ እንግሊዝኛ የሚደማ ክንዱን አሳያቸው። እሷ ጸጉሯ ተበታትኖ በአማርኛ ትጮኻለች። እዚያው ከቤት የሚያስወጣት ወረቀት ተሰጣት። ልጆቹ ከእሱ ጋር ቀሩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቤቴን ስታንኳኳ የተጫማችው ነጠላ ጫማ አንዱ የሷ፣ ሌላው የባሏ ነበር።

በማግስቱ ሾርባ መዋጥ አቃታት። ድምፅዋ ሻክሮ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አንገቷ ላይ ግን አንድም ምልክት አልነበረም። ማነቅ ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ምንም እንደማይተው ሐኪሟ ነገረችን። ጥርስ ግን ምልክት ይተዋል።

ከፖሊስ ጋር ያለንን ጉዳይ ለብቻው ይዘነዋል። ከእናንተ ጋር ያለን ጉዳይ የሚጀምረው በሦስተኛው ቀን፣ ሠራተኛችሁ ስትደውል ነው።

ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። መስመር ላይ አስተርጓሚ ገባ። ገና «እንደምን አለሽ» ሲል እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ድምፁን ታውቀዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ነው። ሜልቦርን ውስጥ የእኛ ሰው ስንት ነው? ከዚያ በኋላ የምትናገረው ሁሉ ግማሽ ሆነ።

«ምን ተፈጠረ?» ተባለች። «ተጣላን» አለች። እሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው እርስ በርስ ተደባደብን የሚል ሆነ። በአማርኛ እኮ ሰው ሳይነካካም ይጣላል፤ ተጣልተው ለዓመት የማይነጋገሩ ወንድማማቾች አሉ። ቀጥላ «አነቀኝ» አለች። «ያዘኝ» ብሎ አሳለፈው። ከዚያ «ጥፋቱ የኔም ነው፣ መልስ ሰጥቼዋለሁ» አለች። ይሄኛው በደንብ ተተረጎመ፤ ሠራተኛችሁም እንደ እምነት ቃል ጻፈችው። እኛ ሽማግሌ ፊት ጥፋቱን ሁሉ ባሏ ላይ የምትደፋ ሴት ባለጌ ትባላለች። ከጥፋቱ ትንሽ ወደ ራስ መውሰድ ጨዋነት ነው። ሠራተኛችሁ ይህን አታውቅም፤ አልፈርድባትም። ሳያውቁ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

«አነቃት ነው ያለችው!» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ቤተሰብ ማስተርጎም አይችልም ተብዬ ዝም እንድል ተነገረኝ። ደንቡ ልክ ነው፤ ባልየው ራሱ እያስተረጎመ ስንት ሴት ጉድ ሆናለች። ግን ሠራተኛዋ ቢያንስ መልሳ መጠየቅ ትችል ነበር። የጠየቀችው «ነክሰሽዋል?» ብቻ ነው። «አዎ» አለች እህቴ። በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

አንድ ሰው እንኳ ንክሻው ክንዱ ላይ የት ጋ እንደሆነ አልጠየቀም። ከውስጥ በኩል፣ ከክርኑ በታች ነው። ያ ቦታ አፏ ጋ እንዴት ደረሰ? ክንዱ አገጯ ሥር ምን ይሠራ ነበር? ማን ማንን ይፈራል? የባንክ ካርዷ በማን ኪስ ነው? ከዚያ ሌሊት በፊትስ ምን ነበር? እኔ ፉትስክሬይ ሰፈር ያለሁ የአረጋውያን ተንከባካቢ ነኝ፣ የሕግ ሰው አይደለሁም። እነዚህ ጥያቄዎች ለእኔ ከመጡልኝ ለእናንተ እንዴት ጠፉ?

የጠፉት መመሪያ ስለሌለ አይደለም። የቤት ውስጥ ጥቃትን እንዲያጣራ የተቋቋመው የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሮያል ኮሚሽን በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. 227 ምክረ ሐሳቦች አቅርቧል፤ መንግሥትም በ2023 ሁሉንም ፈጽሜያለሁ ብሏል። ከ2018 ጀምሮ ማራም የሚባለው የአደጋ ግምገማ ማዕቀፍ አለ። ዋናውን አጥቂ ስለመለየት ይናገራል፤ አንድ ሌሊት የሆነውን ብቻ ሳይሆን የኋላ ታሪኩንም እዩ ይላል። የእነዚህን ምክረ ሐሳቦች አፈጻጸም የሚከታተለው ተቆጣጣሪ በ2021 መጨረሻ ተጠቂን አጥቂ ብሎ በመመዝገብ ስህተት ላይ ብቻ ሪፖርት አውጥቷል፤ አቦርጂናልና ስደተኛ ሴቶች ይበልጥ እንደሚጎዱበትም ጽፏል። የኩዊንስላንድ የሞት መርማሪ ቦርድ በ2016–17 ካያቸው በቤት ውስጥ ጥቃት የሞቱ ሴቶች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት፣ ከመሞታቸው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጥበቃ ትእዛዝ ላይ እንደ አጥቂ ተመዝግበው ነበር። ይህን ያነበብኩት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሠራተኛችሁን ቢሯችሁ መጥቼ ጠይቄያታለሁ። ጥሩ ልጅ ነች፣ ውኃ ሁሉ ሰጥታኛለች። ሥልጠናውን ወስዳለች፤ በኮምፒውተር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በመጨረሻ የሚጫኑ ጥያቄዎች አሉት። ስለ ንክሻና ጭረት፣ ሰው ራሱን ሲከላከል ስለሚያደርሰው ቁስል ትዝ የሚላት ነገር የለም። በአስተርጓሚ በኩል ስለማነጋገር ደግሞ ጭራሽ አልነበረበትም። ስለዚህ ቅሬታዬ በእሷ ላይ አይደለም። ያለ በቂ ሥልጠና ስልክ ሰጥታችሁ ያስቀመጣችኋት እናንተ ናችሁ።

እስከዚያው የሆነውን ልንገራችሁ። የቤቱ ቁልፍ በእናንተ ወጪ ተቀየረለት፤ ለእሱ፣ «ለደኅንነቱ»። ለእህቴ ቁጣን ስለመቆጣጠር የሚያስተምር ቡድን ስልክ ተላከላት። የልጆቹ ትምህርት ቤትም አጥቂዋ እናትየው ናት የሚል መረጃ ከእናንተ ደረሰው። ባለፈው ሳምንት ልጇን ልታይ አጥሩ ጋ ብትቆም አንዲት መምህርት መጥታ ልጁን በእጁ ይዛ አስገባችው። እህቴ ተመልሳ መጥታ ምንም አላወራችም። ቡናውን አፈላች፣ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፋይሏ በሌላ የበላይ ሠራተኛ እንደገና ይታይ፤ የሐኪሟን ወረቀት አያይዣለሁ። ስህተት መሆኑ ሲረጋገጥ መዝገባችሁን ማረም ብቻ አይበቃም። መረጃውን ለላካችሁለት ሁሉ፣ በተለይ ለትምህርት ቤቱ፣ በጽሑፍ ማረሚያ ላኩ፤ ለፖሊስም አሳውቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሴት አስተርጓሚ፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት፣ በስልክ ይመደብላት። የእህቴ ስም ለአስተርጓሚዋ አይነገራት።

ሥልጠናውን በተመለከተ፦ በሰው የሚሰጥ፣ የጥቃት ጉዳት የምትመረምር የፎረንሲክ ነርስ ያለችበት፣ አስተርጓሚዎችም አብረው የሚቀመጡበት ይሁን። «ተጣላን»ን፣ «አነቀኝ»ን፣ «ጥፋቱ የኔ ነው»ን ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ ተነጋገሩባቸው። የአረብኛውም የሶማሊኛውም ሰዎች የየራሳቸው እንዲህ ያለ ቃል እንደሚኖራቸው አልጠራጠርም። የአማርኛውን ዝርዝር ለማዘጋጀት ከጠራችሁኝ በእረፍት ቀኔ እመጣለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም።

መልሳችሁን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ጉዳዩን ወደ ቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ እወስደዋለሁ። ስልክ ከሆነ የምትደውሉት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ ነኝ፣ እህቴ ደግሞ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም።

ከሰላምታ ጋር
ታላቅ እህቷ