ስለ ቤት ብድር አከፋፈል ማሻሻያ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቤት ብድር አከፋፈል እንዲሻሻልላቸው የሚያመለክቱ ተበዳሪዎች በተወሰነ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

እኛ በጎንደር ከተማ በሂሳብ ሥራና በብድር ሰነድ ዝግጅት ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ዕዳ ይሰረዝ አንልም። ባንክ የሚያበድረው የአስቀማጩን ገንዘብ ስለሆነ፣ ቤቱን አስይዞ የተበደረም መክፈል አለበት። ዋናው ልመናችን አንድ ነው፤ ገቢው የቀነሰበት ተበዳሪ በጊዜ ካመለከተ፣ ቤቱ በሐራጅ ሳይሸጥ ማመልከቻው ይታይለት።

አሁን ባለው አሠራር ሐራጁ ቀድሞ ይደርሳል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር በመመሪያችሁ መሠረት ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል፤ ባንኩም ብድሩ ባይመለስ ለሚደርስበት ኪሳራ ከፍ ያለ መጠባበቂያ ገንዘብ እንዲይዝበት ይገደዳል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። በሁለተኛው ጨረታ ገዢ ከታጣ ባንኩ በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ ቤቱን ራሱ ሊረከብ ይችላል። እነዚህ ቀኖች ሁሉ በወረቀት የሰፈሩ ናቸው። ከቅርንጫፍ ወደ ዲስትሪክት፣ ከዚያም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚጓዘው የማሻሻያ ማመልከቻ ግን መቼ መልስ እንደሚያገኝ የሚያሳይ ወረቀት ተበዳሪው እጅ የለም። መንገድ በሚዘጋባቸው፣ ኔትወርክም በሚቋረጥባቸው ሳምንታት ፋይሉ ባለበት ይቆማል፤ ቅጣቱና ወለዱ ግን መቁጠራቸውን አያቆሙም።

በየቅርንጫፉ «ሪስኬጁል» የሚባለው መፍትሔ፣ ማለትም የመክፈያ ሰሌዳውን እንደገና ማውጣት፣ ራሱ በቁጥር ሲታይ ተበዳሪው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። 1,000,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት የተበደረ ሰው እንውሰድ። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 14,687 ብር ይመጣል። አምስት ዓመት ሙሉ ሳያዛንፍ 881,220 ብር ከፍሎም ገና ወደ 877,000 ብር ዋና ብድር ይቀርበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚከፍለው አብዛኛውን ወለዱ ስለሚበላው ነው። በዚህ ጊዜ ገቢው ቢቀንስና ቀሪው 10 ዓመት ወደ 20 ዓመት ቢራዘምለት፣ ወርሃዊ ክፍያው 12,198 ብር ይሆናል። በወር የሚቀልለት 2,500 ብር ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ምትክ እስከ መጨረሻው የሚከፍለው ድምር ከ1,160,000 ብር በላይ ይጨምራል። የእፎይታ ጊዜ ተሰጥቶት ወለድ ብቻ ክፈል ቢባል እንኳ በወር 11,690 ብር ነው። በዚህ ወለድ ዓመት የቱንም ያህል ቢጨመር ክፍያው ከዚህ በታች አይወርድም። ዓመቱን ሳያራዝሙ ወለዱን ወደ 13 በመቶ ቢያወርዱት 13,091 ብር፣ ሁለቱን አጣምረው ቢያደርጉት ደግሞ 10,272 ብር ይመጣል። ቤት የሚያድነው ብዙ ጊዜ ይህ የሁለቱ ጥምረት ነው፤ ተበዳሪው ፊት የሚቀርበው ግን ማራዘሙ ብቻ ነው፣ ያውም ጠቅላላ ወጪው ሳይነገረው። ስለዚህ ማንኛውም የማሻሻያ ውል ከመፈረሙ በፊት የድሮውና የአዲሱ ወርሃዊ ክፍያ፣ ቀሪው ዋና ብድርና እስከ መጨረሻው የሚከፈለው ድምር ጎን ለጎን ተጽፎ፣ በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ለተበዳሪው እንዲሰጥ እዘዙልን።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከዘመድ ወይም ውጭ አገር ካለ ቤተሰብ 100,000 ብር አግኝቶ ከዋናው ላይ የከፈለ ሰው፣ ወርሃዊ ክፍያው በአዲስ ካልተሰላ በስተቀር በሚቀጥለው ወር የሚጠበቅበት ያው 14,687 ብር ነው፤ የሚያጥረው ዘመኑ ነው። ቢሰላለት ግን ወደ 13,012 ብር ይወርድለት ነበር። ውዝፍ ካለበት ደግሞ ያ ገንዘብ አስቀድሞ ለቅጣትና ለወለድ ይቆረጣል። ምርጫው የተበዳሪው ይሁን፤ በጽሑፍም ይጠየቅ።

ፋይሎች የሚመለሱበት ምክንያት በአብዛኛው የታወቀ ነው። የትዳር ጓደኛ ፊርማ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይጎድላል። ዋሱ በአዲሱ ውል ላይ አልፈረመም። የቤቱ የእሳት መድን ጊዜው አልፏል። የነጋዴው ንግድ ፈቃድ አልታደሰም፣ ግብር መክፈሉን የሚያሳየው ክሊራንስም የለም። ከሁሉ የሚከፋው የውክልናው ጉዳይ ነው፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ሆና የላከችው ውክልና «ለመበደርና ለማስያዝ» ብሎ «የብድር ውል ለማሻሻል» የሚል ቃል ከሌለው፣ ወረቀቱ እንደገና በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል መዞር አለበት። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ዝርዝር ቢነገር ሰው ሦስት ጊዜ አይመላለስም። ደመወዝተኛው ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ደብዳቤና የ6 ወር የሂሳብ መግለጫ፣ ነጋዴው የታደሰ ፈቃድና የሽያጭ መዝገብ፣ ሁለቱም ገቢያቸው ለምን እንደቀነሰና ከዛሬ ጀምሮ በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ በቁጥር የጻፉበት ማመልከቻ ይዘው ይቅረቡ። «አቅም አጥቻለሁ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለብድር ኮሚቴው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም።

የጎንደር ገቢ በወር እኩል የሚመጣ አይደለም። አስጎብኚው፣ የሆቴሉ ባለቤትና በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያለው የእደ ጥበብ ነጋዴ ገንዘብ የሚያዩት ከጥቅምት እስከ ጥምቀት ባሉት ወራት ነው። የመተማን ሰሊጥ የሚያመላልሰውም ገቢው የሚመጣው ከአዝመራው በኋላ ነው። ሰላም ሲታጣ ደግሞ እነዚያው ወራት ባዶ ያልፋሉ። ከላይ ላየነው ተበዳሪ ከየካቲት እስከ መስከረም ላሉት 8 ወራት ወለዱን ብቻ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ላሉት 4 ወራት ደግሞ ወደ 21,000 ብር የሚያስከፍል ሰሌዳ ቢወጣለት፣ ባንኩ በዓመት የሚያገኘው አይቀንስም፤ ሰውየውም በክረምት ውዝፍ ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ከመጀመሪያው የተስማሙበት እስከሆነ ድረስ እንደ ተበላሸ ብድር እንደማይቆጠር በግልጽ ጻፉልን፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች የሚፈሩት ይህንን ነው፣ ፍርሃታቸውም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ሰነዱ ተሟልቶ የቀረበ ማመልከቻ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጠው፤ እምቢታ ከሆነ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ቅርንጫፉም ማመልከቻውን የተቀበለበትን ቀን በማኅተም አረጋግጦ ለተበዳሪው ቅጂ ይስጥ። መልስ እስኪሰጥ ድረስ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ አይውጣ፣ የቅጣት ወለድም አይቆጠር። ሌላው ቀርቶ ያ ማኅተም ያለበት ቅጂ ብቻ ነገ ቢጀመር፣ ብዙ ሰው ማመልከቱን እንኳ ማስረዳት አቅቶት ቤቱ ጨረታ ላይ ሲወጣ አናይም ነበር።

ከአክብሮት ጋር
በጎንደር ከተማ በሂሳብና በብድር ሰነድ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች