ወርቁ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው ግን አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

እናት ወይም አባት በስልክ ከሚያግባባ ነጋዴ የወርቅና የብር ሳንቲም ሲገዙ መክረማቸው የታወቀ ዕለት፣ ልጆች መጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ «ወርቁ እውነተኛ ነው ወይ?» የሚል ነው። አንጥረኛ ዘንድ ይዘውት ይሄዳሉ፤ አንጥረኛውም አገላብጦ አይቶ «ወርቅ ነው» ይላቸዋል፤ እፎይ ብለው ይመለሳሉ። ሳንቲም በመመዘንና በመገመት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚያ እፎይታ ነው። ሐሰተኛ ሳንቲም የለም አንልም። የአረጋውያንን ጥሪት ጠራርጎ የሚወስደው ግን እውነተኛው ሳንቲም በሁለትና በሦስት እጥፍ ዋጋ ሲሸጥላቸው ነው። ሻጩ ወርቅ ብሎ ወርቅ ሰጥቷል፤ ደረሰኝም ቆርጧል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ የተጭበረበረ አይመስለውም።

መጠየቅ ያለበት «ስንት ግራም ጥሩ (ንጹሕ) ወርቅ አለው? ለዚያስ ስንት ተከፈለ?» ተብሎ ነው። ለስሌቱ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። የሳንቲሙን ክብደት በግራም ይያዙና በጥራቱ ያባዙት። 22 ካራት ማለት ከ24 እጅ 22ቱ ወርቅ ነው፤ በቁጥር 0.9167። ሶቨሪን የሚባለው ባለ 22 ካራት የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም 7.98 ግራም ይመዝናል፤ በ0.9167 ሲባዛ 7.32 ግራም ጥሩ ወርቅ ይወጣዋል። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገረው በትሮይ አውንስ ስለሆነ 7.32ን ለ31.1035 ያካፍሉ፤ 0.235 አውንስ ይመጣል። እሱን በዕለቱ የአውንስ ዋጋ ሲያባዙት የማዕድኑ ዋጋ በእጅዎ ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሰው የሚሳሳተው በመለኪያ ስሞቹ ነው። ወርቅና ብር የሚመዘኑበት ትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ሲሆን ተራው አውንስ 28.35 ግራም ብቻ ነው፤ «አውንስ» ብሎ ዝም የሚል ማስታወቂያ የትኛውን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ከዚህ የከፋው ግሬን ነው። አንድ ግሬን 0.0648 ግራም ነው፤ 15 ግሬን ተደምሮ እንኳ አንድ ግራም አይሞላም። «1 ግሬን ንጹሕ ወርቅ» የሚል ያማረ ካርድ ላይ የተለጠፈች ቅጠል መሳይ ነገር ዓይናቸው ለደከመ ሰው «1 ግራም» ሆና ትነበባለች። ደግሞም ከባድ ሳንቲም ሁሉ ብዙ ወርቅ አለው ማለት አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ክሩገርራንድ 33.93 ግራም ይመዝናል፤ የካናዳው ሜፕል ሊፍ 31.1 ግራም ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው ጥሩ ወርቅ ግን እኩል አንድ ትሮይ አውንስ ነው። የክሩገርራንዱ ትርፍ ክብደት ጥንካሬ እንዲሰጠው የተቀላቀለ መዳብ ነው።

በማዕድኑ ዋጋ ላይ የሚጨመር ሁሉ ዝርፊያ ነው ማለታችን አይደለም። ሳንቲም ማተም፣ ማጓጓዝና ማስቀመጥ ወጪ አለው፤ ነጋዴውም ማትረፍ አለበት። በተለመዱት ባለ አንድ አውንስ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ጭማሪው በመቶ ጥቂት እጅ ነው። በብር ላይ ከፍ ይላል፤ ማዕድኑ ርካሽ ሲሆን የማተሚያው ወጪ ግን ብዙም አይቀንስምና። በሩብና በአሥረኛ አውንስ ሳንቲሞችም እንዲሁ። እኛ የምንመክረው ልክ ይህ ነው፦ ጭማሪው በባለ አንድ አውንስ ወርቅ ከ10 በመቶ፣ በብር ከ30 በመቶ ካለፈ ሻጩ ምክንያቱን በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ ገንዘብ አይላክ። ሩብ አውንስ ሲቀርብ ደግሞ ዋጋውን በ4 አባዝቶ ከአንድ አውንስ ዋጋ ጎን ማስቀመጥ ነው። ሻጮች ትንንሾቹን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቁጥሩ ለጆሮ ስለሚቀል ነው።

እጥፍ መክፈል ምን እንደሚያደርግ እንይ። በሳንቲሙ ውስጥ ያለው ማዕድን 100 ያወጣል እንበል፤ የተሸጠው በ250 ነው፤ ዛሬ መልሶ የሚገዛ ነጋዴ 97 ይሰጣል። ገዢዋ እናት የከፈሉትን ያህል ብቻ ለማግኘት የወርቅ ዋጋ 158 በመቶ መውጣት አለበት። ወርቅ በየዓመቱ ሳያቋርጥ 10 በመቶ ቢጨምር እንኳ ይህ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል። እሳቸው 78 ዓመታቸው ከሆነ 88 ዓመታቸው ላይ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ትርፍ፣ ከተነሡበት ይደርሳሉ ማለት ነው። «ወርቅ ሁልጊዜ ይጨምራል» የሚለው አነጋገር ይህን ሒሳብ ይደብቃል። ወርቅ ቢጨምርም እሳቸው ይከስራሉ።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይህንኑ ሳንቲም ዛሬ ከሰዓት መልሼ ብሸጥልዎ ስንት ይከፍሉኛል?» ሐቀኛ ነጋዴ ወዲያው ቁጥር ይናገራል፤ የሥራው ግማሽ መግዛት ነውና። ሌላው «ይህ ለረጅም ጊዜ የሚያዝ ሀብት ነው» ወደሚል ይሸሻል። ቁጥር ካልተነገረ ውይይቱ አልቋል፤ ስልኩ ይዘጋ።

ሽያጩ የሚካሄድበትን መንገድ ቤተሰብ ቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚመጣው ርካሽ ሳንቲም ነው፤ አንዳንዴ ከማዕድኑ ዋጋ በታች ይሸጣል። ሻጩ እዚያ ላይ ቢከስርም ስልክ ቁጥርና የመክፈል ልማድ ይገዛበታል። ከዚያ በምላሳቸው ጤፍ የሚቆሉ ሰዎች መደወል ይጀምራሉ። ልደት ያስታውሳሉ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ይጠይቃሉ፣ «እማማ» ይላሉ። ባንክ ሊወድቅ ነው፣ ገንዘብ ዋጋ ሊያጣ ነው ይላሉ፤ ቀጥሎ «ልጆችዎ ይህን አይረዱትም፣ በእኛ መካከል ይቅር» ይመጣል። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሁሉም የበለጠች ምልክት ናት። በመጨረሻ ድምፅ እየተቀዳ «ሁሉንም ተረድተው ተስማምተዋል?» ተብለው ይጠየቃሉ፤ «አዎ» ያሉበት ቅጂ በኋላ ክርክር ሲነሣ ይወጣል። ነገሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የአሜሪካ የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ኮሚሽን ከ30 ግዛቶች ተቆጣጣሪዎች ጋር ሆኖ በመሠረተው አንድ ክስ ላይ፣ ተከሳሾቹ በዋናነት በአረጋውያን ላይ አነጣጥረው 185 ሚሊዮን ዶላር ሰብስበዋል ተብሏል። ያም ከመጠን በላይ በተጋነነ ዋጋ በተሸጠ ወርቅና ብር ነበር።

ለሻጮቹ በጣም የሚመቻቸው የታሪክ ወሬ እ.ኤ.አ. የ1933 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዜጎች ወርቃቸውን በአውንስ 20.67 ዶላር እንዲያስረክቡ አዘዙ፤ ለሰብሳቢዎች ልዩ ዋጋ ያላቸው ብርቅ ሳንቲሞች ግን ተፈቀዱ። እስከዚህ እውነት ነው። ሻጩ ከዚህ ተነሥቶ «ተራውን ወርቅ መንግሥት ይወስድብዎታል፤ ይህ አሮጌ ሳንቲም ግን አይወሰድም» ብሎ እጥፍ ያስከፍላል። የማይነግራቸው ያ እገዳ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ መነሣቱን፣ በእጁ ያለውም አሮጌ ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ሰብሳቢ የማይፈልገው የተለመደ ሳንቲም መሆኑን ነው። «አሮጌ» እና «ብርቅ» አንድ አይደሉም። በሳንቲሙ ላይ የተጻፈ ዓመት እንኳ የታተመበትን ዘመን ላይናገር ይችላል፤ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። 1780 የሚል ቁጥር ይዞ በቪየናና በሌሎች ከተሞች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ታትሟል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ጥራቱ 0.833 ስለሆነ ያለው ጥሩ ብር 23.4 ግራም ነው። ዓመቱን አይቶ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅርስ ብሎ የሚያስከፍል ሰው ያን ማረጋገጥ ያለበት ራሱ ነው።

ደረጃ ተሰጥቷቸው በፕላስቲክ የታሸጉ ሳንቲሞችም እንዲሁ ናቸው። የሳንቲም ይዞታ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ይመደባል፤ 70 እንከን የለሽ ማለት ነው። ለመቶ ዓመት ሳንቲም ከፍተኛ ደረጃ ትልቅ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ከማተሚያው ወጥቶ በቀጥታ ለታሸገ ሳንቲም ግን ብዙም አያስደንቅም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አቻዎች አሉት። የወርቅ ቅብ መዳብን ደግሞ ከሳንቲም አንቆጥረውም። በላዩ ያለው ወርቅ የሚለካው በሚሊግራም ነው፤ ቀልጦም ምንም አይወጣውም። «ጀርመን ሲልቨር» የሚባለውም መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የለበትም።

ስለ ሐሰተኛው ባጭሩ፦ ማግኔት ወርቅና ብርን አይስብም፤ መዳብን፣ እርሳስንና ተንግስተንንም አይስብም፤ ስለዚህ ከሳበው ሐሰት ነው፣ ካልሳበው ግን ምንም አልተረጋገጠም። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛንና ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት የሚለካ መሣሪያ) ይሻላሉ። ኢግል የሚባለው የአሜሪካ የብር ሳንቲም 31.1 ግራም መመዘንና 40.6 ሚሊሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ክብደቱን ለማሟላት በሌላ ማዕድን የተሠራ ሐሰተኛ ስፋቱ ወይም ውፍረቱ ያጋልጠዋል። ተንግስተን ግን ከወርቅ ጋር የተቀራረበ እፍጋት ስላለው ለትልልቅ ወርቅ መሣሪያ ያለው ገማች ያስፈልጋል። እባካችሁ ሳንቲሙን አትወልውሉት፤ የሰብሳቢ ዋጋ ያለው ከሆነ በአንድ ጨርቅ ውልወላ ይጠፋል።

ግዢው አስቀድሞ ከተፈጸመ ከሁሉ በፊት ቁጣ ይቅር። የተቆጡ አረጋዊ የቀረውን ሳጥን ይደብቃሉ፣ «ሆድ ይፍጀው» ብለው ለሚቀጥለው ደዋይም ብቻቸውን ይቀራሉ። «አባባ፣ ዝርዝሩን አብረን እንጻፈው» ማለት በሩን ይከፍታል። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ስሙ፣ ዓመቱ፣ ክብደቱ፣ ጥራቱ፣ የተገዛበት ቀንና የተከፈለው ዋጋ ይመዝገብ፤ ስሌቱንም እሳቸው ራሳቸው ይሥሩት። ራሳቸው ያገኙትን ቁጥር ሻጩ በስልክ አያስተባብለውም። ማሸጊያው አይከፈት፣ ሣጥኑና ፖስታው አይጣል፤ መመለስ የሚቻልበት ቀን ደረሰኙ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ሊኖር ይችላል። መልስ የሚላከው ዋስትና ባለው የአደራ ፖስታ ነው። በካርድ የተከፈለ ከሆነ በዚያው ሳምንት ባንኩ ዘንድ ክርክር ይመዝገብ፤ በየወሩ ሳንቲም የሚልክ የደንበኝነት ውል ካለ በጽሑፍ ይሰረዝ፣ አለበለዚያ ክፍያው ይቀጥላል። ለመሸጥ ከተወሰነ እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ሦስት ገዢዎች ዋጋ መጠየቅ እንጂ ወደዚያው ሻጭ መመለስ አይገባም።

አንድ ጊዜ የገዙ ሰዎች ስም ዝርዝር ይሸጣል። ከወራት በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ መጀመሪያ ትንሽ ክፍያ» የሚል ይደውላል፤ እሱም የዚያው ወጥመድ ሁለተኛ ዙር ነው። ከመንግሥት ነኝ ብሎ ወርቅ አስገዝቶ በመልእክተኛ የሚያስወስድ ካለ ደግሞ ያለ ጥርጥር ሌባ ነው፤ ፖሊስ ይጠራ።

ከጋዜጣችሁ የምንለምነው አንድ ነገር አለ። በምንዛሪ ተመን ሰንጠረዥ ሥር የአንድ ግራም ጥሩ ወርቅና የአንድ ግራም ጥሩ ብር የዕለት ዋጋ ያለ መነጽር በሚነበብ ትልቅ ቁጥር ይውጣ። ስልኩ ሲጮኽ ጋዜጣው ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቶ ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የከበሩ ማዕድናት ሳንቲም ገማቾች