ጽፌ ያጠፋሁት መልስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቴሌግራምና ስለ ፌስቡክ በጋዜጦች ላይ በብዛት የማነበው ስለ ስድብ፣ ስለ ሐሰተኛ ወሬና ስለሚባክነው ጊዜ ነው። የሚባለው ትክክል ነው። እኔ ግን እዚያው ስላየሁት ሌላ ችግር፣ ማለትም የተቸገረ ሰው ሲጠይቅ መልሱን እያወቅን ዝም ስለምንልበት ምክንያት ለመጻፍ ፈለግኩ።

የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። እኛ ጅማ ውስጥ የምንኖር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የምንግባባ ቤተሰብ ነን። በሽታው በኦሮምኛ ገገብዶ ይባላል፤ በሁለቱም ቋንቋ ግን ስሙ የሚጠራው ድምፅን ዝቅ አድርጎ ነው። ስለዚህም የሕመምተኛ ልጆች ወላጆች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ መኖሩን ስሰማ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ። ከገባሁ በኋላ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ ማታ ማታ የሰዉን ጭንቀት እያነበብኩ እተኛ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት አንዲት እናት «ልጄ መድኃኒት ከጀመረች አራት ወሯ ነው፤ አንድም ቀን አልወደቀችም፤ አሁን ባቆምላት ምን ይመስላችኋል?» ብላ ጠየቀች። የዚህን ጥያቄ መልስ በገዛ ቤቴ ተምሬዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት «ድናለች» ብዬ ልጄ የምትወስደውን ፌኖባርቢታል የተባለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሐኪም ሳላማክር አቋርጬ፣ በሳምንቱ ጀበናው ተጥዶ ሳለ የከሰሉ ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ይህን ጻፍኩ፤ አነበብኩት፤ አጠፋሁት። «ደግሞ እኔ ሐኪም ነኝ ወይ?» አልኩ። እንደገና ጀመርኩና «ኃላፊነት» የሚለው ቃል በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ ተጠራጠርኩ፤ መምህር ሆኜ በሰው ፊት ፊደል ልታረም ነው ብዬ አሁንም አጠፋሁት። ከግሩፑ ስም ሥር 32 ሰዎች ኦንላይን መሆናቸው ይታይ ስለነበር፣ አንዱ መቼም ይመልስላታል ብዬ ስልኬን ዘጋሁ። ጠዋት ስከፍተው የተሰጣት መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ የባህል መድኃኒት አለኝ የሚል ሰው «በውስጥ መስመር አናግሪኝ» ብሏታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስሟን ብፈልግ ከግሩፑ ወጥታለች።

የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006፣ በእንዲህ ዓይነት ስብስቦች ውስጥ ከ100 ሰዎች 90ው አንባቢ ብቻ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ የሚጽፉ፣ አብዛኛውን የሚጽፈው ደግሞ አንዱ መሆኑን ጽፎ ነበር። ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ ያጽናናል። የሚያሳዝነው ግን በእኛ ዘንድ ያ አንዱ ብዙ ጊዜ ሻጭ መሆኑ ነው።

ለምን እንደምንፈራ ብዙ አስቤበታለሁ። ልቅሶ ቤት ስንገባ «እግዜር ያጽናችሁ» እንላለን፤ የወለደችን «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ የታመመን «እግዜር ይማርህ»፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ ደግሞ «አላህ ያሽርህ» እንላለን። ቃሉ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀን አንደበተ ርቱዕ መሆን አይጠበቅብንም፤ ያንኑ ብለን አጠገባቸው ቁጭ ማለት ነው። የልጇን መውደቅ ደብቃ ለኖረች እናት ግን፣ ችግሩ በአደባባይ ተነግሮ ስለማያውቅ፣ የሚመለስላት የተለመደ ቃል የለም። እያንዳንዳችን ከባዶ እንጀምራለን፤ እጅ የሚያስረው ይህ ይመስለኛል።

«ባለሙያ ይመልስ» የሚሉ አሉ። በመድኃኒት መጠን ረገድ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ስንት ሚሊ ግራም እንደሚወሰድና ወደየትኛው መድኃኒት እንደሚቀየር ወላጅ ለወላጅ ሊነግረው አይገባም። ዳሩ ግን በር ላይ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ሐኪም በክትትል ቀን ሊደርስባቸው የማይችል ነገሮች አሉ። ምድጃውን ከወለል አንሥቶ ከፍ ባለ መደብ ላይ ማኖር፣ ልጅቱ ብቻዋን ወደ አወይቱ ወንዝ እንዳትወርድ ሳያሸማቅቁ ሰው ማስከተል፣ ለክፍል ኃላፊዋ ምን ብሎ መናገር እንደሚገባ ማወቅ የወላጅ ዕውቀት ነው። ስትወድቅ ክብሪት ጭሮ ሊያስሸትታት የሚሽቀዳደመውን ሰው ሳያስቀይሙ መመለስም እንዲሁ። ክብሪቱ ምንም አይረዳትም፤ የሚያስፈልገው ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ በጎኗ ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት መመልከትና መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ለአንዲት አዛውንት ጎረቤታችን «እማማ፣ ክብሪቱን ይተዉትና ትራስ ያቀብሉኝ» ማለትን የተማርኩት ከዚያው ግሩፕ ከአንድ አባት ነው። እሱም ያን ዕለት እንደ እኔ ጽፎ ቢያጠፋው ኖሮ ዛሬም ከሴትዮዋ ጋር ክብሪት እንሻማ ነበር።

እኔ መመለስ የቻልኩት ምክር መስጠቱን ትቼ በቤቴ የሆነውን ብቻ ለመናገር ስወስን ነው። «እንዲህ አድርጊ» ለማለት ሥልጣን ያሻል፤ «እኛ ቤት እንዲህ ሆነ» ለማለት ግን ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው መልሴ በድምፅ የተቀዳ፣ ግማሹ ኦሮምኛ የሆነ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚሰማበት የ40 ሰከንድ መልእክት ነበር። ፊደል ያረመኝ የለም። አንዲት እናት ብቻ «ጋሼ፣ የክንዷ ቁስል በስንት ጊዜ ዳነ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ያንንም አውቀው ነበር።

የእነዚህ ግሩፖች አስተዳዳሪዎች ይህን ቢያነቡ፣ በፊደል ስሕተት መሳለቅን እንዲከለክሉ፣ በድምፅም በኦሮምኛም መመለስ እንደሚቻል አስቀድመው እንዲያስታውቁ፣ በውስጥ መስመር መድኃኒት የሚሸጡትንም እንዲያስወጡ እጠይቃለሁ።

ያቺ የሌሊት ጠያቂ ምናልባት ጋዜጣ የምታነብ ከሆነ ያጠፋሁት መልስ ይህ ነበር፦ እኅቴ፣ ልጅሽ ያልወደቀችው መድኃኒቱ ስለሠራላት ይሆናል። በድንገት ማቋረጥ ከቀድሞው የባሰ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል፤ እኛ ቤት አምጥቷል። ማቆም የሚታሰበው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ሳይወድቁ ከቆዩ በኋላ ነው፤ ያም ቀስ በቀስ፣ በሐኪሟ ውሳኔ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። የእኛዋ መድኃኒቷን ቀጥላ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። በጊዜው ስላልነገርኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አባት፣ ከጅማ