በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ለደረሳችሁልን ሁሉ

እኔ፣ አባቴ፣ እናቴና ታናሽ እህቴ ዛሬ በሰላም ደሴ ቤታችን ነን። ለዚህ የምናመሰግናቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የአብዛኞቹን ስም አናውቅም። የምናውቃቸውም ስማችን ይቅር ብለውናል። ስለዚህ በሠሩልን ሥራ እጠራቸዋለሁ።

ለዘመድ ሰርግ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ነበር። የያዝናት የአባቴን ቮልስ ነው፤ በፈረንጆቹ 1965 የተሠራች። መንገዱን ለማታውቁት፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያች አጭር ርቀት ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ሐረጎ ላይ ጥምዝምዙ ይብሳል።

መጀመሪያ መኪናዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። ቀጥሎ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተን። አባቴ ዳር ይዞ ሊቆም ፍሬኑን ሲረግጠው ፔዳሉ ለስልሶ እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሞ ረገጠው፤ ምንም የለም።

አባቴ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረደው። የእጅ ፍሬኑን ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ እንደተጫነ ሳብ ለቀቅ፣ ሳብ ለቀቅ አደረገው። የቮልስ የእጅ ፍሬን የሚሠራው በሽቦ ገመድ ነው። የሚይዘውም የኋላ ጎማዎችን ነው። የእግሩን ፍሬን የሚያሠራው ዘይት ቢከዳ እሱ አይከዳም። በአንዴ ቢጎትተው ግን የኋላዎቹ ተቆልፈው መኪናዋ ትዞር ነበር። ክላክሱን እየነፋ የተራራውን ጥግ ይዞ ቦዩ ውስጥ አቆማት። አባዬ፣ ከሁሉም በፊት አንተን አመሰግናለሁ።

ከኋላችን አንድ አይሱዙ ባዶውን ይወርድ ነበር። ሾፌሩ ነገሩ ቶሎ ገብቶት ኖሮ መኪናውን አግድም አቁሞ የሚመጣውን ሁሉ ገታልን። ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍ ነው። አንድ ልጅ ውሃ ይዞ ሮጦ መጣና የሚጨሰው ጎማ ላይ ሊደፋው ሲል ሾፌሩ እጁን ያዘው። የጋለ ታምቡር (ሸራው ተጭኖ ጎማውን የሚይዝበት ከበሮ መሰል ብረት) ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ውሃውን እናቴ ጠጣችው። የሐረጎ እናቶች ደግሞ እናቴን መሀል አስቀምጠው፣ "አብሽሪ፣ አለፈ" እያሉ እጇን ይዘው ቆዩ። መንቀጥቀጧ እስኪተው አልተነሱም። አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን።

ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ። ጠንካራ ሆነ። ብዙ ሰው "አሁን እኮ ይዟል፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ" አለን። ለእኛ አዝነው ነው፣ ሰርጉም እንዳያመልጠን ነው። ከወጣቶቹ አንዱ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያውቃቸው አዛውንት መካኒክ ዘንድ ደወለ። እሳቸው ነገሩን ሰምተው፣ "በራሱ የተመለሰ ፍሬን በራሱ ይሄዳል። እንዳትነዷት" አሉ።

ይህቺ ቃል ናት ያተረፈችን። አይሱዙው ከፍ ካለ የአፈር ቁልል ጋር ገጥሞ ቆመ። የሐረጎ ልጆች ወደ 800 ኪሎ የምትመዝነውን መኪና ገፍተው ጫኗት።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ስንደርስ እኚያ አዛውንት መካኒክ፣ ጋሼ፣ መፍቻ አላነሱም። አባቴን ጠየቁት። ፔዳሉ ደርቆ ነው ያልያዘው ወይስ ለስልሶ ወረደ? ወደ ጎን ሳበ? ሽታው ከየትኛው ጎማ ነው? ደርቆ አልይዝ ካለ ሸራው ግሏል ማለት ነው። ለስልሶ ከወረደ ወይ ዘይት ፈሷል፣ ወይ ውስጡ አየር ወይም እንፋሎት አለ።

የዘይቱን ዕቃ ከፍተው አዩት፤ ሙሉ ነው። አራቱንም ጎማ ከውስጥ በኩል፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ፍሬን ማስተሩንም በጨርቅ ጠረጉ። እርጥብ የለም። አጠገባችን የነበረ ሰው "ፍሬን ማስተሩ ይቀየር፣ ያልቃል" አለ። ጋሼ አባቴን ፔዳሉን ረግጦ እንዲይዘው አደረጉት። የማስተሩ ጎሚኒ ከላላ ፔዳሉ ከእግር ሥር ቀስ እያለ ይወርዳል። አልወረደም። ማስተሩን ቀይረን ቢሆን ኖሮ ገንዘባችንን አውጥተን፣ ያንኑ ችግር ይዘን፣ ወደዚያው ሐረጎ እንመለስ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አነሱ። ፍሬን እያስረገጡና እያስለቀቁ እያንዳንዱን ጎማ በእጃቸው አዞሩ። ሦስቱ በነፃነት ዞሩ። የፊት ግራው ተይዞ ቀረ። ማስተሩ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይያዙ ነበር። የዚያን ጎማ የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ሲያደርጉት ዘይቱ ጭር ብሎ ወጣ፣ ጎማውም ተለቀቀ። ደግመው አስረገጡና አሁን ዘይቱን ወደዚያ ጎማ ከሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ በላይ ያለውን ማያያዣ አላሉ። ጎማው አልተለቀቀም። "ግፊቱ ቱቦው ውስጥ ታስሯል" አሉ።

ቱቦው ተፈትቶ በቁመቱ ተቆረጠ። ከውጭ ደህና ነው። ውስጡ አብጦ የቀረው መተላለፊያ የመርፌ ቀዳዳ ያህላል። የእግር ጉልበት ዘይቱን ገፍቶ ያሳልፈዋል፤ ሸራውን የሚመልሱት ስፕሪንጎች ግን ያን ያህል ጉልበት የላቸውም። ስለዚህ ሸራው ታምቡሩን እየፋቀ ወረደ፣ ታምቡሩ ጋለ፣ ዘይቱ ፈላ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። እንፋሎት ደግሞ ሲረግጡት ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ያን ዘመን የተሠራ ቮልስ ለአራቱም ጎማ ያለው አንድ የዘይት መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የአንዱ ጎማ ችግር አራቱንም ወሰደ። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል። ፔዳሉ "የተመለሰው" ለዚህ ነው።

አራቱም ቱቦዎች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥተው ተቀየሩ። አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ወጣ። የፊት ሸራ በሁለቱም በኩል ታደሰ። አየሩም ከማስተሩ ከሚርቀው ከኋላ ቀኝ ጀምሮ ወጣ። በመጨረሻ ጋሼ ራሳቸው ከአባቴ ጋር ሐረጎን ወጥተው ወረዱ። ታች ሲደርሱ አራቱንም ታምቡር በእጃቸው ዳሰሱ፣ ሙቀቱ እኩል መሆኑን አዩ። ቁልፉን ለአባቴ የሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አጠገብዎ ያሉት ልጆች ይህን አጠያየቅ ይማሩልን።

ጋራዥ ድረስ ምግብ ልካችሁ ሰርጋችሁን ያላስቀራችሁብን ዘመዶቻችንም ክበሩልን።

አንተ የአይሱዙው ሾፌር፣ የነዳጅ እንኳ አልቀበልም ብለህ ስምህን ሳትነግረን ሄድክ። ይህን ካየኸው፣ ወይም የሚያውቅህ ሰው ካየው፣ መኪናዋን ያወረድክበት ጋራዥ መልእክት ተውልን። እናቴ "ቤቴ ምሳ ሳይበላ አይቀርም" ብላለች፤ ቀኑን አንተ ምረጥ።